ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና በአዝማሪ ቀልድ የሚነሡት አገሮች

ጎጃም የቅኔ አገር መሆኑ ለአንባቢዎቻችን አዲስ ነገር አይደለም። በዋሸራ፣ በጎንጅ፣ በዲማ ጊዮርጊስና በደብረ ኤልያስ ከቅኔ ጉባኤ የዋለ ተማሪ አንዱን ቃል ከሁለት ከፍሎ በላዩ ሰም ማልበስን፣ በውስጡም ወርቅ መሸሸግን ሲማር ብዙ ዘመን አልፏል። ይህም ሙያ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ብቻ ተወስኖ አልቀረም። አዝማሪው መሰንቆውን አንጠልጥሎ ወደ ጠጅ ቤትና ወደ ሰርግ ዳስ ሲገባ የቅኔውን ኅብር በአማርኛ ይዞት ገብቷል። ለዚህ ጨዋታ ከሁሉ ይልቅ የሚመቸው የአገርና የወንዝ ስም ነው። ዓባይ ሲል ወንዙን ጠርቶ ውሸታሙን ሰው ይወጋበታል። ከፋ ሲል የቡናውን አገር አንሥቶ የሆድ መከፋትን ይናገርበታል። እምባቦ ሲል ከቦታው ስም ውስጥ እንባ ያንጠባጥባል። ሳር ውሃ ያለ እንደ ሆነ ደግሞ፣ ስሙ ራሱ ከብት የሚሰማራበት መስክ ስለሚመስል፣ ብዙም ሳይደክም ሰሚውን ያስቃል።

እነዚህ ስሞች ሁሉ በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ተራ በተራ ያለፉ ናቸው። ሰውየውም አስቀድሞ ራስ አዳል ተሰማ፣ ኋላም ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የተባሉት የጎጃም ገዥ ናቸው። በዛሬው ጽሑፋችን የእኒህን ንጉሥ ታሪክ ባጭሩ እናቀርባለን። ግጥሞቹን ግን አንጽፍም፤ አዝማሪ ሁሉ እንደ ዋለበት ቤትና እንደ ቀረበለት ብርሌ ያዞራቸዋልና። ቦታዎቹ አይዞሩም። ተማሪው በቀልዱ ከሳቀ በኋላ እምባቦ ከዓባይ ወዲያ ይሁን ወዲህ ሲጠየቅ ዝም የሚል ከሆነ፣ ወጣቱ ሹምም ወደ ደብረ ማርቆስ ተመድቦ ሲሄድ ያገሩ ሰው በምን እንደሚሥቅ ካላወቀ፣ ግማሹ ጨዋታ አምልጦታል ማለት ነው።

አስቀድመን አገሩን እንመልከት። ዓባይ ከጣና ሐይቅ በባሕር ዳር በኩል ከወጣ በኋላ ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ ይወርድና ዞሮ ወደ ምዕራብ፣ ከዚያም ወደ ሰሜን ምዕራብ ይታጠፋል። ጎጃምን በምሥራቅም በደቡብም በምዕራብም አቅፎ ይይዘዋል። ከሁሉ የሚያስደንቀው ደግሞ ግልገል ዓባይ የሚፈልቀው በዚያው በጎጃም፣ በሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ከተባለው ቦታ መሆኑ ነው። ወንዙ ከአገሩ ሆድ ወጥቶ ሐይቁ ውስጥ ይገባል፤ ከሐይቁ ወጥቶ የወለደውን አገር ይከባል። በመካከሉ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው የጮቄ ተራራ ተቀምጧል። ጨሞጋም፣ ሙጋም፣ ሱሃም፣ ተምጫም፣ ቢርም ሁሉም ያው ዓባይን ለመገበር ነው የሚሮጡት።

ዛሬ ከአዲስ አበባ የተነሣ መንገደኛ ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወርዶ በ2000 ዓ.ም ማለቂያ ላይ በተከፈተው አዲሱ ድልድይ ዓባይን ይሻገርና ወደ ደጀን ሽቅብ ይወጣል። በመኪና ይህ የሰዓት ነገር ነው። በዚያን ዘመን ግን ገደሉ ከ1,000 ሜትር በላይ የሚወርድ፣ ከታች በረሓውና ንዳዱ የሚጠብቅበት፣ ውሃው ሲጎድል በእግር ወይም በተነፋ አቁማዳ የሚሻገሩት፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጭራሹን የሚዘጋ ደጅ ነበር። በፋሲል ዘመን የተሠራው ድልድይ በሞጣ በኩል ወደ በጌምድር ያሻግር ነበር እንጂ በደቡብ በኩል አንዳችም ድልድይ አልነበረም። እንግዲህ የጎጃም ገዥ ካገሩ ሳይወጣ ቢቀመጥ ማንም በቀላሉ አይደርስበትም። ነገር ግን ትልቅ ንጉሥ ልሁን ካለ መሻገር አለበት። የተክለ ሃይማኖት ኑሮ በሙሉ በዚህች በአንዲት ነገር ላይ የቆመ ነው ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

የቤተ ሰባቸውም ታሪክ የጀመረው በመሻገር ነው። አያታቸው ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ጎጃምንና ዳሞትን የገዙ ትልቅ መስፍን ነበሩ። በኅዳር ወር 1845 ዓ.ም፣ በየጁው በራስ አሊ ትእዛዝ፣ ከቋራ የተነሣውን ካሳ ኃይሉን ለመያዝ ጣናን ዞረው ወደ ደምቢያ ዘመቱ። ካሳ ያን ጊዜ ገና ቴዎድሮስ አልተባለም፤ ጭፍራውም ጥቂት ነበር። ከደጃዝማች ጎሹ ሠራዊት ጋር የመጣው አዝማሪ ይህን አይቶ፣ አንድ እብድ ከጥቂት ሰው ጋር ወደ ጉር አምባ ሊወርድ ነው እያለ ካሳን እየዘለፈ በሰፈሩ መካከል ዘፈነ። ሠራዊቱም ሣቀ። የጉር አምባን ስም ብዙ ሰው የሚያውቀው በዚያ ቀልድ ነው እንጂ በሌላ አይደለም።

በማግሥቱ ጎሹ በጥይት ወደቁ፤ ሠራዊቱም ተበተነ፤ አዝማሪው ተያዘ። ካሳም አስቀርበው ምን ብሎ እንደ ዘፈነባቸው ጠየቁት። አዝማሪው መሸሸጊያ እንደሌለው ባየ ጊዜ ሌላ ግጥም ገጠመ፤ በዚህኛውም የገዛ ምላሱን ከሰሰ፤ ዱላም እንደሚገባው መሰከረ። ብልኅነቱ ያድነው ይሆናል ብሎ ተስፋ ሳያደርግ አልቀረም። አላዳነውም፤ ተደብድቦ ሞተ። አዝማሪ በኢትዮጵያ ያሰኘውን ቢናገር አይነካም የሚሉ ሰዎች ሲያጋጥሙን ይህን ታሪክ እናስታውሳቸዋለን። ቀልድ ፈቃድ አለው፤ ፈቃዱ ግን ጌታው ድል እስካደረገ ድረስ ብቻ ነው።

አዳል የተወለዱት ከዚህ ጦርነት ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በ1830ዎቹ ማለቂያ ገደማ፣ ከጎሹ ልጅ ከደጃዝማች ተሰማ ነው። ያደጉበት ጊዜ ዐፄ ቴዎድሮስ መሳፍንቱን አንድ ባንድ የሚያንበረክኩበት ዘመን ነበር። ጎጃም ግን ሙሉ ለሙሉ አልተንበረከከም። ደጃዝማች ተድላ ጓሉ የተባሉት ሸፍተው አገሩን ለብዙ ዘመን ያዙት፤ ቴዎድሮስም ደጋግመው ቢዘምቱባቸው ሊጨርሷቸው አልቻሉም። ከተድላ በኋላ የጎጃምን ገዥነት የሚሹ ሁለት ወጣቶች ተነሡ። አንደኛው የተድላ ልጅ ደስታ፣ ሁለተኛው የተሰማ ልጅ አዳል ናቸው። ሁለቱም ትልቅ ዘር ቈጠሩ፤ ሁለቱም ጦር ነበራቸው። አንዱ ሲነሣ አንዱ እየወደቀ፣ አንዱ ሲሾም አንዱ እየታሰረ ዓመታት አለፉ። በመጨረሻ አዳል ራስ ደስታን ድል አደረጉ። የአባት ስም ተድላ፣ የልጅ ስም ደስታ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። ጎጃም ተድላ ደስታውን በጦር አጥቶ አዳልን አገኘ የሚል ቀልድ ለመሥራት የቅኔ መምህር መሆን አያስፈልግም፤ ማንም የጎጃም ልጅ ይሠራዋል።

ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በዙፋን በተቀመጡ ጊዜ አዳል ገበሩ፤ ንጉሠ ነገሥቱም የራስነት ማዕረግ ሰጥተው በጎጃም ላይ አጸኗቸው። የገዥነታቸው መቀመጫ መንቆረር ነበረች። ይህችን ከተማ በ1845 ዓ.ም ገደማ የቈረቈሯት እነዚያው የደስታ አባት ደጃዝማች ተድላ ጓሉ ናቸው። አዳል የባላጋራቸውን አባት ከተማ አፍርሰው ሌላ አልሠሩም፤ ያችኑ ይዘው አሳመሯት። የቅዱስ ማርቆስን ቤተ ክርስቲያን በዚያ አሠሩ፤ ከተማዪቱም ከቤተ ክርስቲያኑ ስም ተነሥታ ደብረ ማርቆስ ተባለች። ከፍታዋ 2,400 ሜትር የሚያልፍ፣ ጤፍና ስንዴ በሚበቅልበት ደጋ ላይ የተቀመጠች፣ በበስተ ሰሜን ጮቄን የምታይ፣ በበስተ ደቡብ ወደ ዓባይ ቈላ የምታዘቀዝቅ ከተማ ናት።

ያ ወደ ቈላው የሚያዘቀዝቀው መንገድ ነው የንጉሡን ዓይን የሳበው። ከደብረ ማርቆስ በስተ ደቡብ፣ በየጁቤ አጠገብ፣ የባሶ ገበያ ነበር። ከዓባይ ማዶ ደግሞ በጉዱሩ የአሰንዳቦ ገበያ ነበር። ከእናርያ፣ ከጅማና ከከፋ የመጣው ቡና፣ ወርቅ፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ በአሰንዳቦ በኩል አልፎ ዓባይን ይሻገርና ባሶ ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ ጎንደር፣ ከጎንደርም ወደ ምጽዋ ወይም ወደ መተማ ይሄዳል። ከሰሜን በኩል አሞሌ ጨው ይመለሳል። የገበያው ሸቀጥ ግን ቡናና ዝባድ ብቻ አልነበረም። ሰውም ይሸጥ ነበር። ከግቤ አገሮች የተነጠቁ ወንዶችና ሴቶች፣ ይልቁንም ልጆች፣ በዚያው መንገድ እየተነዱ ዓባይን ይሻገሩ ነበር። ይህን ሳንጽፍ ብናልፍ ስለ ባሶ ገበያ የተናገርነው ሁሉ ግማሽ ይሆናል።

ራስ አዳል ከጦር አለቆቻቸው ዋናውን ራስ ደረሶን እየላኩ ከዓባይ ማዶ ያሉትን አገሮች ማስገበር ጀመሩ። ዐፄ ዮሐንስም የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ኃይል እያየለ መሄዱን ስላዩ፣ በጥር ወር 1873 ዓ.ም አዳልን ንጉሥ አድርገው ቀቧቸው። ስማቸውም ተክለ ሃይማኖት ተባለ። የማዕረጋቸው ሙሉ ስም ንጉሠ ጎጃም ወከፋ ነበር። ጎጃም በእጃቸው ናት። ከፋ ግን ከዓባይ ማዶ፣ ከግቤም ወዲያ ያለች፣ የራሷ ንጉሥና የራሷ ቤተ መንግሥት ያላት፣ ጥልቅ ጉድጓድና ጥቅጥቅ ያለ ዱር የሚጠብቃት አገር ነበረች። አዲሱ ንጉሥ ረግጠዋት አያውቁም፤ ሠራዊታቸውም አልያዛትም። ያልያዙትን አገር ስም በዘውድ ላይ መድፋት ለአዝማሪ እንዴት ያለ ሲሳይ እንደ ሆነ እንግዲህ አንባቢ ያስብበት። የከፋ ንጉሥ ማለት የቡናው አገር ንጉሥ ማለት ነው፤ ሆዱ የከፋው ንጉሥ ማለትም ነው። የኋላው ታሪክ ሁለተኛውን ትርጉም እውነት አደረገው።

ዐፄ ዮሐንስ ይህን ሹመት ሲሰጡ ሁለቱን ንጉሦች እርስ በርሳቸው እንዲፈሩ ማድረጋቸው ነበር። ምኒልክም ስለ ደቡብ የያዙት ሐሳብ ከዚያው ነው። የቡናውና የዝሆን ጥርሱ ንግድ ወደ ጎንደር መሄዱ ቀርቶ ወደ ሸዋ እንዲዞር ይፈልጉ ነበር። የጦር መሣሪያ የሚገዛው በዚያ ንግድ ነውና። ስመ ጥሩው የጦር አለቃቸው ራስ ጎበና ዳጬ በፈረሰኞቻቸው የደቡብ ምዕራቡን አገር እያስገበሩ ሲመጡ ከራስ ደረሶ ሰዎች ጋር ተገናኙ። አንዱ ያስገበረውን ሌላው ደግሞ ግብር ይጠይቀው ጀመር። ያገሩ ገበሬ ለማን ይገብር? ለሁለቱም መገበር ነበረበት።

ነገሩ በቃል የማያልቅ ሆነ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ራሳቸው ሠራዊታቸውን አስከትለው ዓባይን ተሻገሩ። በግንቦት ወር ማለቂያ 1874 ዓ.ም ሁለቱ ሠራዊቶች ዛሬ በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ዞን ውስጥ በምትገኘው በእምባቦ ሜዳ ላይ ተጋጠሙ። ወሩን ልብ ማለት ይገባል። ሰኔ ሲገባ ዓባይ ይሞላል። ሸዋ ድል ቢሆን ወደ ኋላው ሰፊ አገር አለው፤ ጎጃም ግን ከጀርባው የሚሞላ ወንዝ ነበረበት። ጦርነቱ የቀን ሙሉ ጦርነት ነበር። በሁለቱም ወገን ብዙ ሰው አለቀ። በመጨረሻ የጎጃም ሠራዊት ተሸነፈ፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ቈስለው ተማረኩ። ንጉሥ በንጉሥ እጅ ወደቀ ማለት ነው።

ምኒልክ ምርኮኛቸውን በክብር ያዙ። ይህ የምኒልክ ጠባይ በኋላ ዘመንም የታየ ስለ ሆነ አያስደንቅም። ጎጃም ውስጥ ግን ልጁ ያልተመለሰለት ገበሬ በየመንደሩ ነበር። እምባቦ የምትባለው ስም በእነዚያ ቤቶች ምን እንደምትመስል አዝማሪው ያውቅ ነበርና በስሟ ውስጥ ያለውን እንባ ለማሳየት ድምፁን ዝቅ ማድረግ ብቻ ይበቃው ነበር። እንግዲህ ስለ እምባቦ የሚዘፈነው ሁሉ የሚያስቅ አይደለም፤ የሚያስቅ መስሎ የሚጀምር ነው እንጂ።

ዐፄ ዮሐንስ ያለ ፈቃዳቸው የተደረገውን ይህን ጦርነት በሰሙ ጊዜ በሁለቱም ተቈጡ። ተክለ ሃይማኖትን ከምኒልክ እጅ ተቀብለው ወደ አገራቸው መለሷቸው። ምኒልክ ወሎን እንዲለቁ ተፈረደባቸው፤ ከተክለ ሃይማኖት ደግሞ አገው ምድር ተወሰደባቸው። ለጊዜው ሁለቱም የተቀጡ ይመስላል። ከካርታው ላይ ስናየው ግን ቅጣቱ እኩል አልነበረም። ለምኒልክ የደቡብ ምዕራቡ በር ወለል ብሎ ተከፈተ። ለጎጃም የዓባይ ደቡብ ከእንግዲህ ወዲህ ተዘጋ። የኢትዮጵያ የመንግሥት ማዕከል ወደ ሸዋ ማዘንበሉ ከብዙ ምክንያት የተነሣ ቢሆንም እምባቦ ከዋናዎቹ አንዷ ናት። ይህን ያህል ክብደት ያላት ሜዳ በትምህርት ቤት መጽሐፍ ውስጥ በሁለት መስመር ብቻ ማለፏ ይገርመናል።

ከጉዱሩ አገር በልጅነቱ ተማርኮ ዓባይን ከተሻገሩት አንዱ ግን ለጎጃም ሌላ ዐይነት ዋጋ ሰጥቷል። እርሱም አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ ነው። በንጉሡ ቤት አደገ፤ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ተማረ፤ ሥዕል ሣለ፤ በመጨረሻም የጎጃምን ሕዝብ ትውልድና ታሪክ ከአገር አገር እየዞረ ሰብስቦ ጻፈ። መጽሐፉም በዘመናችን ታርሞ ታትሟል። በስሙ ውስጥ ከዓባይ እስከ ዓባይ የሚል አለበት። ጎጃም የሚጀምረውም የሚያልቀውም በዚያው ወንዝ ነውና ከዚህ የበለጠ ወሰን አመልካች አይገኝለትም። ከማዶ ተነጥቆ የመጣ ልጅ የነጣቂዎቹን ትውልድ ቈጥሮ ማስቀረቱን ግን ጎጃሜው አንባቢ ሲያነብ ቆም ብሎ እንዲያስበው እንፈልጋለን።

ደቡቡ በተዘጋ ጊዜ ተክለ ሃይማኖት ፊታቸውን ወደ ምዕራብና ወደ ሰሜን መለሱ። በሱዳን የተነሡት መሐዲስቶች፣ ያገራችን ሰው ደርቡሽ የሚላቸው፣ በመተማ በኩል ድንበሩን ያስጨንቁ ነበር። ዐፄ ዮሐንስ በሰሜን ከጣሊያኖች ጋር ተፋጠው ስለ ነበር የምዕራቡን ድንበር መጠበቅ በተክለ ሃይማኖት ላይ ወደቀ። በጥር ወር 1879 ዓ.ም ንጉሡ በመተማ ላይ ዘምተው የደርቡሹን አለቃ ወድ አርባብን ድል አደረጉ፤ ከተማዪቱንም አቃጠሉ። ከተሻገሩባቸው ዘመቻዎች በግልጽ የቀናቸው ይህ ነበር።

ደስታው ዓመት ብቻ ቈየ። በጥር ወር 1880 ዓ.ም ሐምዳን አቡ ዓንጃ ከፍ ያለ ሠራዊት ይዞ መጣ። ንጉሡም በደምቢያ ሜዳ፣ ሳር ውሃ በተባለው ስፍራ ጠበቁት። ደምቢያ ማለት አያታቸው ጎሹ የወደቁባት ያችው አገር ናት። ከጉር አምባ እስከ ሳር ውሃ 35 ዓመት አለፈ፤ የጎጃም ፈረሰኛ ግን አሁንም በዚያው በጣና ዳር ሜዳ ላይ ተሸነፈ። ብዙ መኳንንት ሞቱ፤ ከንጉሡ ቤተ ሰብም ሳይቀር የተማረኩ ነበሩ። ከድሉ በኋላ ደርቡሾች ጎንደር ገብተው አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠሉ፤ ሕዝቡን ፈጁ፤ የቀረውንም በባርነት ነዱ። ሳር ውሃ የሚለው ስም በመሰንቆ ላይ ሲወጣ ከብት የሚግጥበት መስክ ይመስላል ያልነው ለዚህ ነው። ሰሚው ከሣቀ በኋላ የጋጠው ማን እንደ ሆነ፣ የተጋጠውም ማን እንደ ሆነ ትዝ ይለዋል።

ተክለ ሃይማኖት በዚህ ሽንፈት ጊዜ ከንጉሠ ነገሥቱ ርዳታ አለማግኘታቸውን ቂም ያዙበት። በእምባቦ ከወጓቸው ከምኒልክ ጋር ተስማምተው በዐፄ ዮሐንስ ላይ ሸፈቱ። የዚያን ዘመን ፖለቲካ ለሚመረምር ተማሪ ይህ እንቆቅልሽ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ትናንት ከማረከህ ጋር ዛሬ መወዳጀት በመሳፍንቱ ዘንድ ነውር አልነበረም፤ ማርኮ በክብር የመለሰ ሰው ከማይረዳ ጌታ ይሻላል የሚል ስሌት ነበራቸው።

ስሌቱን የከፈለው ገበሬው ነው። ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም መግቢያ ላይ ዓባይን ተሻግረው ጎጃም ገቡ። ወንዙ ያን ጊዜ አላዳነም። ተክለ ሃይማኖት ወደ አምባ ገብተው ተቀመጡ፤ ገበሬ ግን ጎተራውን ተሸክሞ አምባ አይወጣም። የንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊት የቆመውን አዝመራ በላ፤ ያልበላውን አቃጠለ፤ ከብቱን ነዳ። የዚያን ዘመን ሠራዊት ስንቅ የሚያገኘው ካለፈበት አገር ነበር፤ አገሩ የሸፈተ እንደ ሆነ ደግሞ መብላቱ ቅጣት ጭምር ይሆናል። ወራት ካለፉ በኋላ እርቅ ተደረገ። ንጉሡ ገቡ፤ ዐፄ ዮሐንስም ምኒልክን ለጊዜው ትተው ወደ መተማ ገሠገሡ፤ እዚያም በመጋቢት ወር መግቢያ 1881 ዓ.ም ቈስለው ሞቱ። ታረቁ የሚለው ቃል በጽሑፍ አንዲት ቃል ናት። የተቃጠለው ጎተራ ግን በእርቅ አልሞላም።

በዚያው ላይ ክፉ ቀን መጣ። በ1880 ዓ.ም ገደማ በሰሜን በኩል የገባው የከብት በሽታ በሬውን ሁሉ ጨረሰ፤ ድርቅና አንበጣ ተከተለው፤ በሰው ላይም ረኃብና ወረርሽኝ ወረደ። መላው ኢትዮጵያ ለጥቂት ዓመታት በዚህ ተሰቃየ። በጎጃም ግን በሬ ከመሞቱ በፊት እህሉ በሠራዊት ተበልቶ ስለ ነበር መከራው በመከራ ላይ ሆነ። ስለዚህ ዘመን የሚያስቅ ዘፈን አልሰማንም።

ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ከሆኑ በኋላ ተክለ ሃይማኖት ገብረው ተቀመጡ። የንጉሥነት ማዕረጋቸው ግን አልተወሰደባቸውም። ጣሊያኖች በ1888 ዓ.ም በትግራይ በኩል በመጡ ጊዜ ንጉሡ የጎጃምን ጦር አስከትለው ዘመቱ፤ በየካቲት 23 ቀን በዓድዋ ተሰልፈው ተዋጉ። ከእምባቦ ወዲህ 14 ዓመት ሆኖታል፤ የማረከውና የተማረከው አሁን በአንድ ወገን ቆመዋል። ንጉሡ ለመጨረሻ ጊዜ ጎጃምን ለቀው በሩቅ የተዋጉት በዚያ ነው፤ በድልም ተመለሱ። ይህን ዘመቻ ከሌሎቹ ጋር ደምረን ስንቈጥር፣ ደቡቡን ተሻግረው ዘውዳቸውን ለማስፋት ሲሄዱ ተሸነፉ፤ አገር ለማዳን ሲሄዱ ግን አንድ ጊዜ በመተማ፣ አንድ ጊዜም በዓድዋ ቀናቸው። ሳር ውሃ ብቻ ከዚህ ወጥታ ትቀራለች፤ ታሪክም ለጸሐፊ አመች ሆኖ የሚሄድ አይደለም።

የከፋን ነገር ሳንጨርሰው አንቀርም። በ1889 ዓ.ም የምኒልክ የጦር አለቃ ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ከፋን ወግተው ያዙ፤ የመጨረሻው የከፋ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾም ተማረኩ። በ1873 ዓ.ም በተክለ ሃይማኖት ዘውድ ላይ የተጻፈው የአገር ስም ለሸዋ ገባ ማለት ነው። ንጉሡ ይህን በሕይወታቸው ሰምተዋል።

ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በጥር ወር መግቢያ 1893 ዓ.ም አረፉ። ምኒልክ በጎጃም ላይ ሌላ ንጉሥ አላነገሡም፤ አገሩን ከፋፍለው ለተለያዩ ሹማምንት ሰጡት። ከልጆቻቸው ራስ በዛብህ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተጣልተው በእስራት ሞቱ። ሌላው ልጃቸው ራስ ኃይሉ ግን ቆይተው አገሩን ሰብስበው ያዙት፤ እስከ 1924 ዓ.ምም ድረስ ገዙት። በእርሳቸው ዘመን የጎጃም አዝማሪ ከአገር ስም ይልቅ ወደ ግብር ስም ዞረ፤ ቀልዱም ስለ ጦር ሜዳ መሆኑ ቀርቶ ስለ ከብትና ስለ ጭስ ግብር ሆነ። የራስ ኃይሉ ነገር ግን ራሱን የቻለ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።